"ይለምዳል" የተባልኩበት ሞተር፦ ስምንት ወር ከሚንቀጠቀጥ መሪ ጋር

ይህን የምታስጽፈኝ ዳባት አማቴ ቤት የደፋኋት ሲኒ ናት። ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ገደማ በሞተር ሳይክል ነድቼ ገና ከመቀመጤ አቦል ተቀዳልኝ። ሲኒዋን የያዝኳት መስሎኝ ነበር፤ ጣቶቼ ግን በድን ሆነዋል። ቡናው ቄጤማው ላይ ፈሰሰ። አማቴ "እኔን! አቃጠለህ ልጄ?" አሉ። ጥቂት ቆይተው ጓዳ ገቡና በሚኒባስ ቀድማኝ የደረሰችውን ባለቤቴን "ይሄ ልጅ መጠጥ ጀመረ እንዴ?" ብለው ጠየቋት። ሞተሩን ከገዛሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር።

ሞተር ሳይክሉ የቻይና ሥሪት ነው፤ 200 ሲሲ፣ ባለ አንድ ፒስተን፣ ለረጅም መንገድ ተብሎ ከኋላ ሣጥን ከፊት የንፋስ መከላከያ የተገጠመለት። ለሥራ በየሁለት ሳምንቱ ደባርቅ ያመላልሰኛል። እስካሁን ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቼዋለሁ። ነዳጅ አይበላም፣ በብርድም ቢሆን ወዲያው ይነሳል፣ ፍሬኑ ደህና ነው። በዚህ በኩል ወቀሳ የለኝም፤ ጠቤ ከመሪው ጋር ነው።

የዙር መቁጠሪያው 5,000 እስኪደርስ ሰላም ነው። 6,000 ላይ፣ ማለትም በመጨረሻው ማርሽ 80 አካባቢ ስሄድ፣ መሪው የተነካ የንብ ቀፎ ይሆናል። በስፔኪዮው ሳይ ከኋላዬ የሚመጣው አንድ አይሱዙ ሦስት ሆኖ ይታየኛል። አምባ ጊዮርጊስ ስደርስ የቀኝ እጄ ትንሿና የቀለበት ጣቴ የሉም።

ሻጩ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። "ይለምዳል" አለኝ። ማን ነው የሚለምደው? ሞተሩ ወይስ እጄ? "አዲስ ሞተር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሦስት ታንክ ይጨርስ" ሲል ጨመረልኝ። ወንድሜ፣ አዲስ ሞተር ሲቆይ ይፍታታ ይሆናል፤ ፒስተኑ ግን መውጣት መውረዱን አይተውም። በደቂቃ 6,000 ዙር ማለት በሰከንድ 100 ጊዜ ነው። ፒስተኑ ብቻውን ስለሆነ እሱ ሲወረወር በተቃራኒው ተወርውሮ የሚያመዛዝነው ጓደኛ የለውም። ያንን ለማካካስ ሞተሩ ውስጥ አብሮ የሚዞር የሚዛን ዘንግ ያላቸው አሉ፤ የእኔ የለውም። ይህን ያወቅሁት ከሻጩ አይደለም፤ መካኒኬ ነው የነገረኝ፣ ያውም ብሩ ከኪሴ ከወጣ በኋላ።

መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ያስላክሁት "ንዝረት ያጠፋል" የተባለ ወፍራም የስፖንጅ እጀታ ነው፤ 1,800 ብር። ለአንድ ሳምንት ደስ አለኝ። ከዚያ ስገነዘብ፣ ውፍረቱ መዳፌን ስለሚሞላው ሳላውቀው አጥብቄ እጨብጣለሁ፤ አጥብቄ በጨበጥኩ ቁጥር ደግሞ ንዝረቱ ይበልጥ ወደ ክንዴ ይወጣል። የወገራ ዝናብ የመታው ቀን ውሃውን ጠጥቶ ጓንቴን እስከ ማታ አረጠበው። አሁን የልጄ ብስክሌት ላይ ነው።

ሁለተኛው ለመሪው ጫፍ ተብሎ የተሸጠልኝ "ክብደት" ነው። ክብደት! ጎረቤታችን ቡና የሚመዝኑበት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ሁለቱ ተደምረው 130 ግራም። ውስጡ ባዶ የሆነ አሉሚኒየም በቀይ ቀለም አሸብርቆ። ሴትዮዋ አገላብጠው አዩትና "ለጌጥ ከሆነስ ያምራል" አሉኝ።

መላው የተገኘው እዚሁ ጎንደር ነው። አዘዞ መንገድ ላይ ያለው መካኒኬ እጀታውንም ጌጡንም አይቶ ሳቀብኝ። "ሳታጠብቀው ምን ትለጥፍበታለህ?" አለና ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያስረውን የላይኛውን ቡሎን በቁልፍ ነካ አደረገው። ግማሽ ዙር ሄደለት! አዲስ ሞተር ተብሎ የተሸጠልኝ ነው እንግዲህ። ካቴናውም ያለልክ ተወጥሮ ስለነበር አላላው። በዚያች ብቻ ከንዝረቱ ሲሶው የቀነሰ መሰለኝ።

ቀጥሎ ቶርኖ ቤት ላከኝ። ጋሼ ድፍን ብረት ላይ እየቀነሱ 35 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 45 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ድቡልቡል አወጡልኝ። እያንዳንዳቸው 340 ግራም ገደማ ናቸው። በመሃላቸው ረጅም ቡሎን ያልፋል፤ ቡሎኑ ላይ ከጎሚስታ ያገኘሁት የከባድ መኪና ካላማዳሪ ክብ ክብ ተቆርጦ በሮንዴላዎች መካከል ተደርድሯል። ወደ መሪው ቱቦ አስገብታችሁ ቡሎኑን ስታጠብቁት ላስቲኩ ተጨፍልቆ ወደ ጎን ይወጣና ቱቦውን ከውስጥ ግጥም አድርጎ ይይዛል። ከነእጅ ሥራው 600 ብር። ቀለም የለውም፣ አያምርም፣ ከባድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ እኔን ሊገድለኝ ነበርና። በቀኝ በኩል ያለውን ብረት እጀታው ጋር አስጠግቼ ገጠምኩት። ከኮሶዬ ወደ ጎንደር ስወርድ አንድ መታጠፊያ ላይ ነዳጁን ለቀቅሁ፤ ሞተሩ ግን አልለቀቀም። ብረቱ ነዳጅ የሚሰጠውን እጀታ እንዳይመለስ ጨምድዶ ይዞት ነበር። ፍሪሲዮኑን ጨብጬ፣ ቁልፉን አጥፍቼ ጠጠሩ ላይ ቆምኩ፤ ከሞተሩ ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ያን ዕለት ግን ከንዝረት አልነበረም። አሁን በመሃል 2 ሚሊ ክፍተት አለ፤ ከመነሳቴ በፊት ሁልጊዜ ነዳጁን ከፍቼ እለቀዋለሁ፣ ጠቅ ብሎ መመለሱን ሳልሰማ አልንቀሳቀስም።

ንዝረቱ ጠፋ ወይ? አልጠፋም፤ ቤት ቀየረ። የመሪው ጫፍ ሲከብድ በራሱ የሚርገበገብበት ፍጥነት ስለሚወርድ፣ 6,000 ላይ የነበረው ጩኸት አሁን 4,500 አካባቢ ነው። እዚያ ደግሞ ማርሽ ለመቀየር ካልሆነ አልቆይም። አይሱዙውም አንድ ሆኗል፤ በግራው ስፔኪዮ ብቻ አንድ ተኩል።

ጤና ጣቢያ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ግን አሁንም ትቆጣኛለች። ንዝረት ለዓመታት ከተደጋገመ የጣትን ደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል፣ ብርድ ሲነካቸው ጣቶቹ ነጭ ይሆናሉ ትላለች፤ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱን ለምታውቁት አልነግራችሁም። ስለዚህ ኮሶዬና አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆሜ እጄን አፍታታለሁ፣ መሪውንም እንደ ጫጩት ነው የምይዘው።

መልሰህ ትገዛዋለህ ወይ ላላችሁኝ፦ ጠዋት ከቤት ስወጣ ብትጠይቁኝ አዎ እላለሁ። ከደባርቅ ስመለስ ከጠየቃችሁኝ ግን የሚዛን ዘንግ ያለውን፣ ብር ጨምሬም ቢሆን። ሻጩ በቀደም ፒያሳ አግኝቶኝ "አላልኩህም? ለመደ አይደል?" አለኝ። ብረቱን በጣቴ አሳየሁት። "እሱማ ያምራል፣ ከየት አመጣኸው?" አለኝ።

ባለፈው እሑድ ዳባት ነበርኩ። እጄ ጸጥ ብሏል፣ ሲኒዋን በሁለት ጣት አነሳኋት። አማቴ ግን እስካሁን አጋምሰው ነው የሚቀዱልኝ።