ዶርም ወይስ ከግቢ ውጭ ኪራይ?

ትልቅ ከተማ ውስጥ ያለ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ተማሪ፣ በተለይ ለአንደኛ ዓመት፣ እኔ ዶርም እመርጣለሁ። ዋናው ምክንያቴ ጊዜ ነው። ከግቢ ውጭ የሚኖር ተማሪ ለመሄጃ 45 ደቂቃ፣ ለመመለሻም ያንኑ ያህል ከፈጀበት፣ በሳምንት 5 ቀን ሲመላለስ 7 ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ያልቃል። በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ክፍተት ሲኖር የዶርሙ ልጅ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ይነሳል፤ ተመላላሹ ቦርሳውን እንደተሸከመ መቀመጫ ይፈልጋል። ማታም አንዱ ላይብረሪ እስኪዘጋ ያነባል፣ ሌላው የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ጥናቱን አቋርጦ ይወጣል። ጓደኛም ቢሆን ቶሎ የሚገኘው እዚያው ኮሪደር ላይ ነው።

ኪራይ የሚበልጥበት ጉዳይም ቀላል አይደለም፤ ጸጥታና ነፃነት። እንቅልፉ ቶሎ ለሚረበሽ ሰው፣ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ከሌሎች ጋር መደራደር በፈተና ሰሞን በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ከሁለተኛ ዓመት ወዲያ፣ ከተማውንም አብሮ የሚኖረውንም ሰው ካወቀ በኋላ፣ ቢወጣ እደግፋለሁ።

ወጪ ስታወዳድሩ የወር ኪራዩን ብቻ አትዩ። ውሃ፣ መብራት፣ ኢንተርኔትና ትራንስፖርት ይደመሩበት። ውሉ የ12 ወር ከሆነ ትምህርት በሌለባቸው ወራትም ትከፍላላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱን በቀንም በማታም እዩት፤ የበሩን ቁልፍ ሞክሩ፣ ቧንቧውን ክፈቱ፣ ከፌርማታው እስከ በሩ በእግራችሁ ሂዱ። ደባል ካለ የሁሉም ስም ውሉ ላይ ይግባ። በአንድ ሰው ስም ብቻ ከተፈረመ፣ ሌሎቹ ጥለው ሲወጡ አከራዩ ሙሉውን ኪራይ የሚጠይቀው ያንኑ ሰው ነው።