ለጠባብ ሳሎን የቤት ሲኒማ፦ ያማሃ ቪ385፣ ኤላክ ዴቡት እና ብዙ ሰው የሚዘልለው ቤዝ

መጀመሪያ ስሙን እንለይ። እኛ ዘንድ «ሪሲቨር» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የዲሹን ሳጥን ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላው ነው፤ ብዙ ሱቅ «አምፕ» ስለሚለው፣ የዲሹንም የፕሌይስቴሽኑንም ገመድ ተቀብሎ ምስሉን ወደ ቲቪ፣ ድምፁን ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ቤዝ (ሳብዉፈር፣ ወፍራሙን ድምፅ ለብቻው ለሚያወጣው ሳጥን) ስለሚያከፋፍለው ማሽን። ሱቅ ገብታችሁ በደፈናው «ሪሲቨር አለ?» ካላችሁ ዲሽ ነው የሚወጣላችሁ።

ለመመዘኛ የያዝነው ክፍል በየኮንዶሚኒየሙ የሚገኘው ዓይነት ነው፦ 4 ሜትር በ3.5 ሜትር፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ቲቪው ቡፌ ላይ፣ ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ። ከስፒከሩ እስከ ተቀማጩ ጆሮ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ክፍል የምንመርጠው ያማሃ አርኤክስ ቪ385 ሪሲቨርን፣ ከፊት ጥንድ ኤላክ ዴቡት 2.0 ቢ5.2 ስፒከር፣ ከመሃል የዚያው ቤተሰብ ሴንተር ሲ5.2፣ ከጎን ሌላ ጥንድ ቢ5.2፣ ለቤዝ ደግሞ ኤስቪኤስ ኤስቢ 1000 ፕሮን ነው። ዋጋውን ስትደምሩ ሪሲቨሩ ከጠቅላላው ወጪ ሩቡን እንኳ አይወስድም። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ቤዙ ነው። አስበንበት ነው።

ቪ385 በ2018 የወጣ፣ 5.1 ብቻ፣ ማለትም አምስት ስፒከርና አንድ ቤዝ፣ የሚያጫውት ማሽን ነው። አራት የኤችዲኤምአይ መግቢያ አለው፤ 4ኬን በ60 ፍሬም ያሳልፋል፣ ዶልቢ ቪዥንም አይከለክልም። ብሉቱዝ አለው። ዋይፋይ፣ ዶልቢ አትሞስ (ከኮርኒስም ድምፅ የሚያወርደው) እና ኢአርክ (የቲቪውን ድምፅ በኤችዲኤምአይ ገመድ የሚመልሰው የአርክ አዲሱ ዓይነት) የሉትም። ከእሱ በላይ ያለው ተመራጭ ዴነን ኤቪአር ኤክስ1800ኤች ነው፦ 7.2፣ ስድስት የኤችዲኤምአይ መግቢያ፣ ከነዚህ ሦስቱ 8ኬ የሚያሳልፉ፣ ዋይፋይና ኢአርክም ያለው። የዴነኑ እውነተኛ ብልጫ ግን ብዙ ሰው የማያነበው መስመር ላይ ነው ያለው፤ የክፍሉን ድምፅ የሚያስተካክለው ኦዲሲ መልቲኢኪው ኤክስቲ እስከ ስምንት መቀመጫ ድረስ ይለካል፣ የቤዙንም ድምፅ በደንብ ይቀርጻል። በያማሃው ቪ385 ላይ ያለው ዋይፓኦ ርቀቱን፣ መጠኑንና የላይኛውን ድምፅ ያስተካክላል እንጂ የቤዝን ጉዳይ ለእናንተ ይተወዋል። ስለዚህ ሶፋውንም ቤዙንም ማንቀሳቀስ የማይቻልበት ቤት ውስጥ ለዴነኑ የሚጨመረው ገንዘብ አይቆጭም። ለአትሞሱ ብላችሁ ግን አትግዙት። ሶፋው ግድግዳ ላይ በተጠጋበት ሳሎን ኮርኒስ ላይ ሁለት ስፒከር ከመስቀል ያንኑ ብር ቤዙ ላይ ማዋል ይሻላል።

ስለ ዋት። ገበያ ውስጥ «5000 ዋት ፒኤምፒኦ» የተለጠፈበት ካርቶን የማያውቅ የለም፤ ያ ቁጥር ስለ ድምፅ ምንም አይነግራችሁም። ታማኝ ፋብሪካም ቢሆን ሁለት ዓይነት ቁጥር ያትማል። ቪ385 ሁለት ቻናል አብሮ ሲሠራ፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ (ጆሮ ከሚሰማው ወፍራሙ ድምፅ እስከ ቀጭኑ)፣ በ6 ኦም (ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው) 70 ዋት ይሰጣል፤ የድምፅ መዛባቱ 0.09 በመቶ ነው። ያው ማሽን 135 ዋት ተብሎም ይጻፋል፤ ይሄኛው አንድ ቻናል ብቻ፣ በ1 ኪሎ ኸርዝ፣ በ10 በመቶ መዛባት የተለካ ነው። 10 በመቶ የተዛባ ድምፅ ጆሮ የሚያሳክክ ጩኸት ነው። ሁለት ሪሲቨር ስታወዳድሩ ስንት ቻናል ሲሠራ፣ በስንት ኦም፣ በስንት በመቶ መዛባት የሚሉትን ሦስት ነገሮች አብራችሁ አንብቡ። ዴነኑ 80 ዋት የሚለው በ8 ኦምና በ0.08 በመቶ መዛባት ነው።

ከ70 ወደ 80 ዋት መውጣት በዴሲቤል 0.6 እንኳ አይሞላም፤ ጆሮ አይለየውም። ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ (በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት የሚያወጣው ድምፅ) ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል፦ ቢ5.2 86 ዴሲቤል ነው፣ ክሊፕሽ አር 51ኤም በፋብሪካው ቁጥር 93። የ7 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ኤላኩ 50 ዋት የሚፈልግበት ቦታ ላይ ክሊፕሹ 10 ዋት ይበቃዋል ማለት ነው። ታዲያ ለምን ክሊፕሹን አልመረጥንም? ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ። በ2.5 ሜትር ርቀት አንድ ኤላክ በ1 ዋት ወደ 80 ዴሲቤል፣ በ10 ዋት ወደ 90 ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ የሚያዳምጥ ሰው ከጎረቤት ጋር ተጣልቶ ጨርሷል። ዋቱ ስለማያጥረን በድምፁ ጠባይ መምረጥ እንችላለን። ሴራሚክና ብሎኬት የላይኛውን ድምፅ መልሰው ይወረውራሉ፤ የክሊፕሹ ሆርን (እንደ ጡሩምባ የተከፈተ አፍ) ያለው ትዊተር፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል፣ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ስለታም ይሆናል፣ «ሰ» እና «ሽ» ያፏጫሉ። ሳሎኑ ሰፊ፣ ምንጣፉ ወፍራም፣ መጋረጃው ከባድ ከሆነ ፍርዱ ሊገለበጥ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ቀዳዳው ነው። የኤላኩ የቤዝ መተንፈሻ ከፊት፣ ከሥር ያለች ስንጥቅ ናት። የክሊፕሹ ከኋላ ነው፤ ግድግዳ ላይ ከተጠጋ ወይም ቡፌ ውስጥ ከተሸጎጠ የወንድ ድምፅ በርሜል ውስጥ የሚያወራ ይመስላል። ቡፌ ውስጥ ስፒከር ማስገባት በጥቅሉ መጥፎ ልማድ ነው፤ ግድ ከሆነ የስፒከሩ ፊት ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን፣ ወደ ውስጥ አይግባ፣ ዙሪያው ያለው ክፍተትም በፎጣ ይደፈን።

ከፍታ የሚረሳ ነገር ነው። ትዊተሩ ከጆሮ እኩል መሆን አለበት። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮው ከወለል ከ95 እስከ 100 ሳንቲም ሜትር ላይ ነው፤ ዓረብያን መጅሊስ ላይ ግን ወደ 70 ይወርዳል። ለሶፋ የተሠራ የስፒከር ማቆሚያ ለመጅሊስ ያንን ያህል ይበልጣል፤ ወይ አጠር ያለ ማቆሚያ አሠሩ፣ ወይ ስፒከሩን ወደ ታች አዘንብሉት። ሴንተሩ ደግሞ ቲቪው ሥር ስለሚቀመጥ ከፊቱ ሥር ትንሽ ላስቲክ አድርጋችሁ ወደ ጆሮ ቀና አድርጉት። የፊልም ንግግር አብዛኛው የሚወጣው በእሱ ነው። «ሙዚቃው ይጮኻል፣ ንግግሩ አይሰማም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ሴንተሩ ቡፌ ውስጥ ገብቶ ጉልበት የሚመታ ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላም ካነሰ በሪሲቨሩ ላይ የሴንተሩን መጠን 2 ዴሲቤል ጨምሩ።

የጎን ስፒከሮች ከተቀማጩ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጆሮ ትንሽ ከፍ ብለው ይሰቀሉ። ሶፋውን ከግድግዳው 30 ሳንቲም ሜትር እንኳ ብታላቅቁት ለውጡን ወዲያው ትሰማላችሁ።

አሁን ቤዝ። ቢ5.2 የሚወርደው እስከ 46 ኸርዝ ነው፤ የፊልም ቤዝ ከዚያ በታች ብዙ ይሄዳል። ኤስቢ 1000 ፕሮ 12 ኢንች፣ ዝግ ሳጥን፣ የራሱ 325 ዋት አምፕሊፋየር ያለው ነው። ዝግ መሆኑ ለጠባብ ክፍል ይስማማል፤ ወደ ታች ሲሄድ ድምፁ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፣ ክፍሉ ራሱ ደግሞ ያንን ታችኛውን ያነሣዋል። ጉልበት የሚበላውን ቤዝ ይህ አምፕሊፋየር ስለሚሸከመው ትንሹ ያማሃ ይቀልለዋል፤ ርካሹን ሪሲቨር ያስመረጠን ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። አቅም ከሌለ ፖልክ ፒኤስደብሊው10 (10 ኢንች፣ 50 ዋት) ለመጀመሪያ ያገለግላል፤ እሱ ግን ቤዙን በደረት አያስመታም፣ ይሞላል እንጂ።

4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል በ43 ኸርዝ፣ 3.5 ሜትሩ ደግሞ በ49 ኸርዝ አካባቢ ያስተጋባል። አንዱ ወንበር ላይ ቤዙ ሲያጉረመርም አንዱ ላይ የሚጠፋው ለዚህ ነው። መፍትሔው ሳቅ ያስነሣል፣ ግን ይሠራል፦ ቤዙን ሶፋው ላይ፣ እናንተ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አስቀምጡት፣ ቤዝ የበዛበት ዘፈን ክፈቱ፣ ከዚያ በእጅና በጉልበት እየዳኻችሁ የክፍሉን ዙሪያ አዳምጡ። ሁሉም ኖታ እኩል የሚሰማበትን ቦታ ስታገኙ ቤዙን እዚያ አኑሩት። ጥግ ላይ ድምፁ ይበዛል፣ ግን ብዙ ጊዜ ይደበላለቃል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ያለው ሰው ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ቢያነጥፍ ንዝረቱ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን በሶሌታው ማለፉ አይቀርም፣ ማታ ማታ መቀነስ ነው።

ሽቦው ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ንጹሕ መዳብ እስከ 10 ሜትር ለ6 ኦም ስፒከር ይበቃል። ማጭበርበሩ ያለው ከላዩ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በሚሸጥበት ቦታ ነው፤ አንዷን ክር በምላጭ ፋቁ፣ ውስጧ ነጭ ከሆነች አሉሚኒየም ናት፣ ወፈር ያለውን ውሰዱ። ጫፉን 1 ሳንቲም ሜትር ላጡና አጥብቃችሁ ጠምዝዙት፤ አንዲት የሾለከች ክር ቀዩንና ጥቁሩን ካገናኘች ሪሲቨሩ ራሱን ለመከላከል ይጠፋል።

ስፒከሩ ሁሉ ከተሰካ በኋላ ማስተካከያውን (በያማሃው ዋይፓኦ፣ በዴነኑ ኦዲሲ) አስኪዱ። ከሪሲቨሩ ጋር የመጣውን ማይክ በእጅ አትያዙት፣ ሶፋ መደገፊያ ላይም አትጣሉት፤ በካሜራ ትራይፖድ ጆሮ በሚሆንበት ከፍታ አቁሙት። ከዚያ በፊት የቤዙን ድምፅ ግማሽ ላይ፣ የራሱን ክሮስኦቨር (ድምፁ ከስፒከር ወደ ቤዝ የሚሻገርበትን መስመር) መጨረሻው ከፍታ ላይ አድርጉ። ያማሃው «ደብሊው-1» ካለ አንዱ ስፒከር ላይ ቀይና ጥቁሩ ተገልብጧል ማለት ነው፤ ሽቦውን ፈትሹ፣ ትክክል ከሆነ ዝም ብላችሁ እለፉት፣ አንዳንድ ስፒከር ያሳስተዋል። የቤዙን ርቀት ከሜትር በላይ አብልጦ ቢጽፍም አትንኩት፤ በውስጡ ያለውን መዘግየት ቆጥሮ ነው። ሲጨርስ ስፒከሮቹን «ላርጅ» (ወፍራሙንም ድምፅ ራሳቸው የሚያወጡ) ብሎ ከተዋቸው ወደ «ስሞል» መልሱ፣ ክሮስኦቨሩን 80 ኸርዝ ላይ አድርጉ። ይህን ካላደረጋችሁ ቤዙ ግማሽ ሥራውን አይሠራም።

ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ሳለ ከኋላ ድምፅ የማይወጣበት የተለመደ ምክንያት ቲቪው ነው። በቲቪው መተግበሪያ ፊልም ስታዩ ድምፁ በአርክ በኩል ወደ ሪሲቨሩ ይመለሳል፤ የቲቪው ዲጂታል ድምፅ «ፒሲኤም» ላይ ከሆነ ሁለት ቻናል ብቻ ይልካል። «ቢትስትሪም» ወይም «ፓስስሩ» ላይ አድርጉት። በዲሽ የምናያቸው የአገር ውስጥ ቻናሎች ግን አብዛኞቹ ስቴሪዮ ናቸው፤ እነሱን በአምስቱ ለመስማት የሪሲቨሩን የሰራውንድ ዲኮደር (ሁለቱን ቻናል ለአምስቱ የሚያከፋፍለውን) መክፈት ያስፈልጋል። ለዜና ባትከፍቱትም ቅር አይበላችሁ።

ሪሲቨሩ ይሞቃል። ያማሃ ከላዩ 30፣ ከጎንና ከኋላው 20 ሳንቲም ሜትር ክፍት ቦታ ይጠይቃል። ከላዩ የዲሽ ዲኮደር መጫን አይቻልም፤ ዳንቴል ማልበስ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

መብራት የመጨረሻው ጉዳይ ነው፣ ብዙ ማሽን የሚገደለውም እዚህ ነው። ከዱባይ የመጣ በ230 ቮልትና በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ግን 120 ቮልት ነው፤ የሶኬት መቀየሪያ ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም፣ እንደተሰካ ይቃጠላል። ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ለአንዳንድ አገር የተሠሩ ያማሃዎች የቮልቴጅ መምረጫ ማብሪያ አላቸው። ከሌለው ለሪሲቨሩ ቢያንስ 500 ዋት፣ ቤዙም አሜሪካዊ ከሆነ 1000 ዋት ትራንስፎርመር ግዙ፤ መዳብና ብረት ያለበት፣ ከባዱን። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠው ቀላሉ የጉዞ መቀየሪያ ለዚህ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ሪሲቨሩንም ቤዙንም ከዲቫይደሩ ንቀሉ፤ ሲመጣ ቮልቱ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።