የሌዘር ክሊኒክ ጭስ መሳቢያ፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት ተጠቅሜበት ያየሁት

ደንበኛዋ ግማሽ ሰዓት ተኝታ ትሄዳለች፤ ባለሙያዋ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሌዘሩ ፀጉር ሲያቃጥል የሚነሳው ጭስ ላይ እንዳጎነበሰች ትውላለች። አዳማ ላለው የፀጉር ማስወገጃ ክሊኒኬ ጭስ መሳቢያ የገዛሁት ለእሷ ብዬ ነው። መስከረም ላይ ሥራ ጀመረ፤ አሁን ግንቦት ስለሆነ ጥሩውንም መጥፎውንም አይቻለሁ።

መሣሪያው እግሩ ላይ ጎማ ያለው ሳጥን ነው፤ ከላይ ወፈር ያለ ቱቦ፣ ከውስጥ ሦስት ፊልተር አለው። የመጀመሪያው አቧራና የፀጉር ብናኝ ይይዛል። ሁለተኛው ኡልፓ ይባላል፤ 0.12 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ከሚያክሉ ቅንጣቶች 99.999 በመቶውን ያስቀራል። ሦስተኛው የከሰል ፊልተር ሲሆን ጋዙንና ሽታውን ይመጥጣል። አንዱ ከጎደለ ዋጋ የለውም፤ ምክንያቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ጃማ ደርማቶሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በሌዘር በተቃጠለ ፀጉር ጭስ ውስጥ 377 ኬሚካሎች አግኝቷል። ከእነዚህ 13ቱ ካንሰር በማምጣት የታወቁ ወይም የሚጠረጠሩ ናቸው።

ያው ጥናት የአየሩን ጥቃቅን ብናኝም ለክቷል። ሥራ ሳይጀመር በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 15,300 ቅንጣት ነበር። መሳቢያው በርቶ ሲሠራ 129,376 ሆነ፤ መሳቢያው ለ30 ሰከንድ ሲጠፋ 435,888 ደረሰ። ቁጥሮቹን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። መሳቢያው እየሠራም ብናኙ ከመነሻው ስምንት እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። ማሽኑ ስለተገዛ ማስክ አይወልቅም ማለት ነው። ተራው የቀዶ ጥገና ማስክ ፊት ላይ ስለማይጣበቅ አየር በጎንና በጎን ያስገባል፤ እኛ ፊት ላይ ጥብቅ የሚለውን ኤን 95 የተባለ ማስክ ነው የምናደርገው።

የሞተሩ ጉልበት ሲወራ ብዙ ይባላል። እኔ ግን ልዩነቱን ያየሁት የቱቦው አፍ የት ቦታ እንደተያዘ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም፣ ናዮሽ፣ አፉ ጭሱ ከሚነሳበት ቦታ ከ5 ሴንቲሜትር እንዳይርቅ ይመክራል። እውነት ነው፤ አንድ ስንዝር ሲሸሽ ሽታው ወዲያው አፍንጫ ላይ ይመጣል። ብብትና ከንፈር ላይ ቀላል ነው። ሙሉ እግር ሲሠራ ግን ቱቦው ከሌዘሩ እጀታ ጋር አብሮ መሄድ አለበት፤ ቱቦውን የሚሸከመው ክንድ ደግሞ ከታኅሣሥ ወዲህ እየላላ ይወድቃል። የማሽኑ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ለሙሉ እግርና ለጀርባ ቱቦውን ብቻ የምትይዝ ረዳት መድቤያለሁ። ቆዳ ለማቀዝቀዝ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ መሣሪያ ያላችሁ ደግሞ የቱቦውን አፍ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል አድርጉት፤ አለዚያ ነፋሱ ጭሱን ከቱቦው አርቆ ክፍሉ ውስጥ ይበትነዋል።

«መስኮት መክፈት አይበቃም ወይ?» ይሉኛል። አዳማ ላይ አይበቃም። ከከተማው ውጭ የቆሙትን ተርባይኖች የሚያዞረው ያ ንፋስ በበጋ አቧራውን ይዞ ነው የሚገባው፤ የመጀመሪያው ፊልተርም ከተባለለት ጊዜ ቀድሞ ተደፍኗል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ ደግሞ ያንኑ የክፍሉን አየር እያቀዘቀዘ ይመልሳል እንጂ ንጹሕ አየር አያስገባም። ከመሳቢያው ሌላ አየር ወደ ውጭ የሚያስወጣ ፋን አስገጥሜያለሁ።

ዕጣን እያጨሱ ወይም ሽቶ እየረጩ ሽታውን የሚሸፍኑ ቤቶች አሉ። እባካችሁ ተዉት! ዕጣኑ በጭስ ላይ ጭስ ይጨምራል፤ ብዙዎቹ የሽቶ ስፕሬዮች ደግሞ እሳት ፈጥኖ የሚይዛቸው ስለሆኑ ሌዘር ባለበት ክፍል ሊረጩ አይገባም። የተቃጠለው ፀጉር ሽታም ይጠቅመናል። የማሽኑ መብራት የሚቆጥረው የሠራበትን ሰዓት ብቻ ነው፤ ከሰሉ መሙላቱን አያውቅም። ሚያዝያ ላይ መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ የተቃጠለ ፀጉር መሽተት ጀመረ፤ ከሰሉን ስንቀይረው ጠፋ። ዕጣን ብናጨስ ኖሮ ሳናውቀው በቆየን ነበር። አሮጌውን ፊልተር በጓንትና በማስክ አውጥተን፣ በፕላስቲክ ከረጢት አስረን ከክሊኒኩ ቆሻሻ ጋር እናስወግዳለን።

ፊልተሩ ከአዲስ አበባ በትእዛዝ ነው የሚመጣልኝ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው አልቀመስ ብሏል፤ ፊልተርም እንዲሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የፊልተሩን ዋጋ ጠይቁ፤ የማሽኑ ዋጋ አንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው።

የመሳቢያው ድምፅ ከፍተኛው ላይ ሲሆን ደንበኛዋ «አመመኝ» ብትል አይሰማም። ይህ ያሳስበኛል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ የሌዘሩን ብርሃን ይበልጥ ስለሚስብ ለቃጠሎ የተጋለጠ ነው፤ ድንገት የሚመጣ ብርቱ ሕመም ደግሞ ሥራውን የሚያስቆም ምልክት ነው። ስለዚህ ካመማት እጇን እንድታነሳ ከመጀመራችን በፊት እንነግራታለን።

ያለ ምንም ወጪ ጭስ የሚቀንሰው መላጨት ነው። የሚጨሰው በአብዛኛው ከቆዳ በላይ ያለው ፀጉር ስለሆነ ሳትላጭ የመጣችን ደንበኛ እዚሁ ላጭተን ነው የምንጀምረው።

ድጋሚ ብገዛ ይህንኑ ዓይነት እገዛለሁ፤ ቱቦው ረዘም ያለ፣ ክንዱ በብሎን የሚጠብቅ ቢሆን እመርጣለሁ። ማሽኑ በእግር ፔዳል መከፈቱን ወድጄዋለሁ፤ እጅ አያስፈታም። ባለሙያዋ የመጀመሪያውን ምት ከመተኮሷ በፊት ትረግጠዋለች፤ ከመጨረሻው ምት በኋላም ቆዳ ላይ የተቀባው ጄል ተጠርጎ እስኪያልቅ አታጠፋውም።