ፕሮሰሰሩ ጤነኛ፣ ማጠፊያው ሰባራ፦ ርካሽ ላፕቶፕ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይሄ ላፕቶፕ ወርድ ይከፍታል፣ ኤክሴል ያሠራል፣ የቪዲዮ ስብሰባ ያስገባል፣ ፊልም ያሳያል። ይህን ሁሉ ለወራት ያለ ቅሬታ ሲሠራ ስለቆየ በዚህ በኩል የምጨምረው የለኝም። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ስክሪኑን ከኪቦርዱ ክፍል ጋር የሚያያይዘው የግራው ማጠፊያ ነው፤ ጠጋኞች ሂንጅ የሚሉት።

ስክሪኑ ሲከፈት ከግራው ጥግ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ወጣ። ቀጥሎ ኪቦርዱ ያለበት የላይኛው ካቨርና የታችኛው ካቨር እዚያው ጥግ ላይ ተላቀቁና ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። አልወደቀም፣ ማንም አልተቀመጠበትም፣ ውሃ አልነካውም። የሰበረው መከፈትና መዘጋት ብቻ ነው። ላፕቶፕ ካልተከፈተና ካልተዘጋ ደግሞ ምን ሊሠራ ነው የሚገዛው?

ታችኛውን ካቨር ፈትቶ ለሚያየው ምክንያቱ አያከራክርም። ማጠፊያው ራሱ ብረት ነው፤ እሱ አይሰበርም። ችግሩ የታሰረበት ነገር ነው። ከኪቦርዱ ሥር ባለው ፕላስቲክ ላይ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ጉብታ መሐል በሙቀት ተጭና የገባች፣ ውስጧ ጥርስ ያለው የነሐስ ቀለበት ተቀብራለች። የማጠፊያው ብሎን የሚይዘው እሷን ነው። ብሎኑ በአብዛኛው ኤም 2 ወይም ኤም 2.5 ነው፣ ማለትም ውፍረቱ 2 ወይም 2.5 ሚሊሜትር፤ ቀለበቷን ዙሪያዋን አቅፎ የያዛት ፕላስቲክ ደግሞ ስስ ነው። በዚህ ሞዴል በየጎኑ ሦስት ብሎን ብቻ አለ፣ ሦስቱም አንድ ቦታ ተጠጋግተው የቆሙ። ሲሰበር ብሎኑ አይላላም፣ ጥርሱም አይበላም፤ ቀለበቷ ጉብታውን ገንጥላ ከነብሎኗ ትወጣለች።

ስሌቱም ቀላል ነው። ስክሪኑ በፈለጉት ማዕዘን ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ማጠፊያው ውስጥ ያሉት ሮንዴላዎች በዳዶ ተጨምቀው ይፋተጋሉ። ያንን ፍትጊያ አሸንፎ ለመክፈት ከስክሪኑ ጫፍ፣ ማለትም ከማጠፊያው 20 ሴንቲሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ የግማሽ ኪሎ ጉልበት ቢያስፈልግ፣ ከማጠፊያው 2 ሴንቲሜትር ብቻ የሚርቁት ብሎኖች የሚቀበሉት አሥር እጥፉን ነው፦ አምስት ኪሎ። ሁለቱ ማጠፊያዎች ቢካፈሉት አንድ ነገር ነው። ከአንዱ ጥግ ይዘው ሲከፍቱት ግን አብዛኛው በዚያው ጥግ ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ በጊዜ ብዛት ግራሶው ሲደርቅ ወይም አቧራ ሲገባበት ማጠፊያው ይጠነክራል። ብረቱ ከፕላስቲኩ ይልቅ ሲጠነክር የሚሸነፈው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

«በጥንቃቄ ብትይዘው ኖሮ» ይላል ሻጩ። እሺ፣ እንዴት ነው ጥንቃቄው? ከመሐል ይከፈት፣ አይደለም? ከመሐል ነው የሚከፈተው። ዋስትናው የት ሄደ ሲባል ደግሞ የማጠፊያ ስብራት «የአያያዝ ጉዳት» ይባልና ይመለሳል። ማዘርቦርድ ቢቃጠል ይቀይሩታል፤ በዲዛይኑ ምክንያት የተሰበረን ፕላስቲክ ግን ጥፋቱን ለባለቤቱ ያሸክሙታል። በጣም የሚያናድደው ይሄ ነው። በየጎኑ ሁለት ተጨማሪ ብሎንና አንዲት ስስ የብረት ሳህን ቢጨመር ጉዳዩ ያበቃ ነበር።

ክፍተት ያየ ሰው በእጁ ተጭኖ ለመግጠም አይሞክር። ስክሪኑን ክፍት እንደሆነ ይተወው፣ እስኪጠገን ድረስም አይዝጋው። በማጠፊያው በኩል ወደ ስክሪኑ የሚያልፉ ገመዶች አሉ፦ የምስሉ ገመድ፣ የካሜራውና፣ በብዙ ሞዴሎች፣ የዋይፋይ አንቴና ገመዶች። የተነቀለው ብረት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እነሱን ይጨፈልቃል። ስክሪኑ ሲነካካ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ዋይፋዩ ድንገት ከደከመ ጉዳቱ ገመድ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ለማረጋገጥ በኤችዲኤምአይ ሌላ ስክሪን ያገናኙ፤ እዚያ ላይ ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ማዘርቦርዱ ደህና ነው፣ ጥፋቱ ገመዱ ወይም ስክሪኑ ነው።

ጥገናው ቤት ውስጥ የሚቻል ነው፤ ትዕግሥት እንጂ ልዩ መሣሪያ አይፈልግም። ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ቻርጀሩን ይንቀሉ። የታች ብሎኖችን በትንሽ የመስቀል ካቻቪቴ ይፍቱ። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስቱ ከጎማ እግሮቹ ሥር ተደብቀው ስለሚቀሩ ካቨሩ እምቢ ሲል አያስገድዱት፤ ጎማውን አንስተው ይዩ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ የላይኛውን ካቨር ሊበሳው ይችላል። ስለዚህ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርፅ ስለው እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ካቨሩን በፕላስቲክ ካርድ፣ ካልተሰበረው ጎን ጀምሮ፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ። ከተከፈተ በኋላ ከሁሉ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀላል።

አሁን ማጠፊያው ዳዶ ካለው፣ በሁለቱም በኩል እኩል፣ የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ወደ ግራ ያላሉት። ሲጨርሱ ስክሪኑ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ በራሱ መቆም አለበት፤ ከወደቀ በዝቷል። ይህን ሳያደርጉ ፕላስቲኩን ብቻ ማጣበቅ ልፋቱን ለሁለተኛ ጊዜ መጋበዝ ነው፤ ያስገነጠለው ጥንካሬ እዚያው አለና። ዳዶ የሌለው፣ ጫፉ የተቀጠቀጠ ዓይነት ከሆነ ደግሞ እንዝርቱ ላይ ጥቂት ግራሶ ማስገባትና ደጋግሞ ማንቀሳቀስ ነው ያለው አማራጭ።

ማጣበቂያው ሁለት ቱቦ ያለው፣ እኩል በእኩል የሚደባለቀው ኢፖክሲ ይሁን። በ5 ደቂቃ ይደርቃል የሚባለውን ትተው ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ይምረጡ፤ በጥንካሬ ይበልጠዋል። ሱፐር ግሉ ግን በፍጹም፦ ሲደርቅ ተሰባሪ ነው፣ ጭሱም አካባቢውን ነጭ አቧራ ያለብሰዋል። ፕላስቲኩን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክረው በአልኮል ይጥረጉት። አሴቶን አይንካው፣ ኤቢኤስ ፕላስቲክን ያሟሟል።

አቀማመጡ ላይ አንድ ዘዴ አለ። የነሐስ ቀለበቶቹን መጀመሪያ ፕላስቲኩ ላይ ካጣበቁ በኋላ ብሎኑ ቀዳዳውን ይስታል። ይልቅ ቀለበቶቹን በብሎናቸው ከማጠፊያው ጋር አስረው፣ ማጠፊያውን በትክክለኛ ቦታው አስቀምጠው ያጣብቋቸው፤ ብረቱ ራሱ ልኩን ይጠብቃል። ማጣበቂያው ጥርሱ ውስጥ እንዳይገባ ብሎኑ በስሱ ቫዝሊን ይቀባ። ኢፖክሲውን ቀለበቷ ላይ ብቻ አያንጠባጥቡ፤ በዙሪያዋ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ያስፉት፣ ጉልበቱ በሰፊ ቦታ እንዲከፋፈል። ከፍታው ግን ታችኛው ካቨር እንዳይገጥም እንዳያደርግ ይጠንቀቁ። ስክሪኑ እንደተከፈተ 24 ሰዓት ይቆይ። ካቨሩ ተከፍቶ እያለ ያልተሰበረውንም ጎን በዚያው ኢፖክሲ ማጠናከር ብልህነት ነው፤ ያው ፕላስቲክ፣ ያው ሦስት ብሎን ነውና ተራውን እየጠበቀ ነው።

ፕላስቲኩ ተሰባብሮ የሚጣበቅበት ካጣ የመጨረሻው መንገድ ማጠፊያውን እስከ ታችኛው ካቨር በትራፓኖ በስቶ በኤም 2.5 ብሎን፣ ሮንዴላና ዳዶ ማሰር ነው። መልኩ ያስጠላል፣ ግን ይይዛል። የላይኛውን ካቨር በሙሉ መቀየርም ይቻላል፤ ኪቦርዱ በብዙ ርካሽ ሞዴሎች በቀለጡ የፕላስቲክ ነጥቦች ስለተያያዘ ግን አብሮ ነው የሚሸጠው፣ ማዘርቦርዱም ሳይቀር ወጥቶ ነው የሚገባው።

ይህን ሁሉ ሻጭ አይነግርም። ሻጭ የሚያወራው ስለ ፕሮሰሰር ነው፣ እሱንም አዛብቶ። «7000 ሲሪስ ነው፣ አዲስ ነው» ይላል ራይዘን 3 7320ዩ ስለሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር። የመጀመሪያው 7 የዓመት ምልክት ነው፤ የውስጥ ዲዛይኑን የሚናገረው ሦስተኛው አኃዝ ነው፣ እሱም 2፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ዜን 2 የሚባለው ዲዛይን። ለቢሮ ሥራ በቂ ነው፣ አልክድም። ግን ኤልፒዲዲአር5 የሚባለውን የራም ዓይነት ብቻ ስለሚቀበል ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ 8 ጊጋ የገዛ እስከ መጨረሻው 8 ጊጋ ነው። የኢንቴሉ ኮር አይ3 1215ዩ ያለባቸው ብዙ ሞዴሎች ግን የራም ስሎት፣ ማለትም ራም የሚሰካበት ቦታ፣ አላቸው። ሱቅ ውስጥ ለማወቅ ታስክ ማኔጀርን ከፍቶ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪን መጫን ነው፤ ስንት ስሎት እንደተያዘ ያሳያል። ይህ ቁጥር አንዳንዴ ስለሚሳሳት በሞዴሉ መመሪያ ማመሳከር ይሻላል።

ሴሌሮን ኤን4020 የሚባለው ደካማ ፕሮሰሰር ከ4 ጊጋ ራምና ከ64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ (ቦርዱ ላይ የተበየደ ዘገምተኛ ዲስክ) ጋር ተጣምሮ ከቀረበልዎ ዝም ብለው ይለፉት። 4 እና 64 ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ዝቅተኛው ነው፤ ጥቂት አፕዴት ሲመጣ ዲስኩ ይሞላል። ስክሪን ደግሞ ጥራቱ 1920 በ1080 የሆነ፣ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ የማይበላሸው አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ 1366 በ768 ለኤክሴል አይሆንም።

ፕሮሰሰር ግን ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል፤ ማጠፊያ አይጻፍም። እሱን በእጅ ነው የሚያውቁት። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ስክሪኑን በአንድ ጣት ከመሐል ያንሱት። ታችኛው ክፍል አብሮ ብድግ ካለ ማጠፊያው ጠንካራ ነው፤ በፕላስቲክ ለተያዘ ማጠፊያ ደግሞ ይሄ መጥፎ ምልክት ነው። ሻጩ «ጠንካራ መሆኑ ጥራት ነው» ሊል ይችላል። ብረት ላይ ቢታሰር እውነቱን ነበር። ሱቅ ከመሄድ በፊት የሞዴሉን የጥገና መመሪያ መፈለግም ያዋጣል፤ ሌኖቮ፣ ዴልና ኤችፒ ለብዙ ሞዴሎቻቸው በነፃ ያወጡታል። የማጠፊያው ሥዕል ላይ በየጎኑ ስንት ብሎን እንዳለና ምን ያህል ተራርቀው እንደተቀመጡ ይታያል።

«ያገለገለ ልትገዛ ነው?» የሚል ካለ፣ አዎ፣ ያገለገለ። የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ የዴል ላቲቲዩድ 7490 ወይም የኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. የ2018 የቢሮ ማሽኖች ናቸው፣ አሠራራቸውም በየቀኑ ተከፍቶ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ለሚገባ ዕቃ የታሰበ ነው። ግን ሞዴሉን ብቻ አይተው አይክፈሉ። እነዚሁ ሞዴሎች በ7ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰርም ተሸጠዋል፤ 7300ዩ የሚል ካዩ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይደግፈውም፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2025 አብቅቷል። 8ኛ ትውልድ፣ ማለትም 8250ዩ ወይም 8350ዩ መሆኑን ያረጋግጡ። ቲ480 ላይ በተለይ ስክሪኑን ይዩ፣ 1366 በ768 ያለውም ብዙ ነው። ባትሪው የደከመ ቢሆን እንኳ የሱ የኋላ ባትሪ ያለ ካቻቪቴ ይቀየራል።

የእኔው ላፕቶፕ አሁን ይሠራል። ኢፖክሲው ይዟል፣ ስክሪኑም ሳይንገጫገጭ ይከፈታል። ኪቦርዱ ደስ ይላል፣ ድምፅ አያወጣም፣ ባትሪውም ለግማሽ የሥራ ቀን ይበቃል፤ ማጠፊያው ዝም ባለባቸው ቀናት እንዲያውም እወደዋለሁ። ይገዛ ወይ ለሚለኝ ግን መልሴ አይገዛ ነው፤ በአንድ ቦታ ተጠግቶ በቆመ ሦስት ብሎን የተያዘ ስክሪን ያለው ማንኛውም ላፕቶፕ፣ ፕሮሰሰሩ ምንም ቢሆን፣ አይገዛ።