የጀልባዬን ሞተር ላዳኑልኝ መካኒክ ምስጋና፣ ለጣና ባለ ጀልባዎች ጥቆማ

ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ያላችሁም ሆናችሁ ለመግዛት የምታስቡ ይህን አንብቡልኝ። በአደባባይ ላመሰግናቸው የሚገባ ሰው አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ቃላቸውን አከብራለሁ፤ ወደቡ ላይ ግን «የጀልባ ሞተር የሚሠሩት ጋሼ» ብትሉ የማያሳያችሁ የለም።

ጀልባዬን ስገዛ ሞተር አልነበራትም። አንድ ባለ ጋራዥ የቶዮታ ፒካፕ የናፍጣ ሞተር ከነካምቢዮው፣ ከነራዲያተሩ አምጥቶ ገጠመልኝ። ሞተሩ ጤነኛ ነበር፤ ድምፁም ያምራል። ሁለት ሳምንት ሠራ። በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ የካቲት 16 ቀን፣ ምእመናን ጭኜ ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስሄድ ግማሽ መንገድ ላይ የሙቀት መለኪያው ቀዩን አለፈ። አጠፋሁት። ነጠላ የለበሱ እናቶች ምንም ሳይናገሩ ሲያዩኝ የተሰማኝ ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ሌላ ጀልባ ጎትቶ አወጣን። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተጣሟል፤ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም ተቃጥሏል።

ያማከርኳቸው ጋራዦች ሁሉ «ይህ ሞተር አልቆለታል፣ ሌላ ግዛ» አሉኝ። ጋሼ ግን ሞተሩን ከመንካታቸው በፊት ክዳኑን ከፍተው ጎንበስ አሉና፣ ከሞተሩ ጭስ የሚቀበለው ብረት አጠገብ ያለውን ጣውላ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን አደረጉት። እንደ ከሰል ተፈረፈረ። ዱቄቱን መዳፋቸው ላይ ይዘው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ሞተርህ ግሎ ባይቆም ኖሮ ጀልባህ ይነድድ ነበር» አሉ።

ከዚያ ተቀምጠው አስረዱኝ። መኪና ዳገት ሲወጣ ይደክማል፣ ቁልቁለት ሲወርድ ያርፋል፤ ሜዳ ላይም ካለው ጉልበት ጥቂቱን ብቻ ያወጣል። ጀልባ ቁልቁለት የላትም። ውኃው ሁልጊዜ ይይዛታል፤ ሞተሩ ከመነሻ እስከ መድረሻ ዳገት ላይ እንዳለ ነው የሚሠራው። መኪና ላይ ራዲያተሩንም የጭሱን ብረትም ከፊት የሚመጣው ነፋስ ያበርድላቸዋል። የእኔ ቬንቲላ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ግን በተዘጋ የጀልባ ሆድ ውስጥ ያንኑ የጋለ አየር መልሶ መላልሶ ነበር የሚያዞረው። ለጀልባ በተሠራ ሞተር የጭሱን ብረት ውኃ ይከበዋል፤ ጭሱም ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚወጣ የጎማ ቱቦ እንኳ ይችለዋል።

በጣም የገረመኝ ሌላው ነገር ነው። የሞተሩ ዋና አካል ብዙ ጊዜ ያው የመኪናው ነው። ቮልቮ ፔንታ የተባለው ኩባንያ በመኪና አምራቹ በጄኔራል ሞተርስ ብሎክ (የሞተር ዋና አካል) ላይ የተመሠረቱ የቤንዚን ሞተሮች ለጀልባ ሲሸጥ ኖሯል፤ ናኒ የተባለው ኩባንያም የቶዮታ ሞተር ለጀልባ አዘጋጅቶ ያቀርባል። ልዩነቱ ዙሪያውን በሚለብሰው ነገር ላይ ነው። ጋሼም «የሚጣል ሞተር የለህም፣ ልብስ ነው የጎደለው» ብለው ሥራ ጀመሩ።

ራዲያተሩን አንሥተው ማቀዝቀዣ ገጠሙ። የሞተሩ ውኃ በራሱ ዝግ መንገድ ይዞራል፤ የሐይቁ ውኃ በቀጫጭን ቱቦዎች አጠገቡ ያልፍና ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፤ ሁለቱ አይገናኙም። የመኪናውን ካምቢዮ አስወጡት። ፕሮፔለር ጀልባን የሚገፋው ዘንጉን ወደ ፊት እየገፋ ነው፤ ያንን ግፊት የሚሸከም ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት መደገፊያ) የመኪና ካምቢዮ ውስጥ የለም። ያገለገለ የጀልባ ካምቢዮ እስኪገኝ ከቀጠሯችን ሦስት ሳምንት ዘገየን፤ መዘግየቱን ግን ቀድመው ነግረውኛል።

ያላስወጡኝን ገንዘብም ልንገራችሁ። ጨው ብረት ስለሚበላ ለባሕር የሚዘጋጅ ሞተር ብዙ ውድ ዕቃ ይፈልጋል። ዝርዝሩን ይዤ ስሄድ ግማሹን ሰረዙት። «ይህ ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ቢሆን አስገዛህ ነበር። ጣና ጨው የለውም» አሉኝ። ዝም ብለው ቢያስገዙኝ ኖሮ ከየት አውቄ እከራከራለሁ?

ፕሮፔለሩንም አስለወጡኝ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ያጣል። የእኔ ፕሮፔለር በአንድ ዙር ብዙ ውኃ የሚገፋ ስለነበር ሞተሩ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ቢሰጠውም ዙሩ አይሞላም፤ ጥቁር ጭስ ብቻ ይተፋል። በአነስተኛው ሲተካ ጭሱ ጠፋ።

በጥቅምት ወደ ጎርጎራ ስሄድ እምቦጭ የተባለው የሐይቁ አረም የውኃ መሳቢያውን ዘጋብኝና ሙቀቱ እንደገና ወጣ። አሁን ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ወዲያው አጥፍቼ ሥሩን ነቅዬ አወጣሁ። ስመለስ ጋሼ የሐይቁን ውኃ የሚስበውን ፓምፕ ፈቱት። ውስጡ ያለው የጎማ ክንፍ ያለ ውኃ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ከዞረ ይቆረጣል። ክንፎቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ስድስት መሆን ሲገባቸው አራት ናቸው። አዲሱን ገጥመው ሒሳባቸውን ቢቀበሉኝ ምንም አላውቅም ነበር። እርሳቸው ግን «ሁለቱ የት ገቡ?» ብለው ቱቦውን ተከትለው እስከ ማቀዝቀዣው ፈቱ። ሁለቱም ቁራጮች የቀጫጭኖቹ ቱቦዎች አፍ ላይ ተወትፈው ተገኙ። እዚያ ቢቀሩ ሞተሬ በሚቀጥለው ጉዞ ይግል ነበር። ለዚህ ተጨማሪ ሥራ አንድ ብር አልጨመሩብኝም።

የቤንዚን ሞተር ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። አንድ ጓደኛዬ የመኪና ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሣ መሣሪያ) እንዲገጥሙለት ለምኗቸው እምቢ አሉት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ከመኪና ሥር ይበተናል፣ ጀልባ ውስጥ ግን ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ብልጭታ ወደ ውጭ የሚያወጣ ሞተሪኖ ደግሞ ያቀጣጥለዋል። ለጀልባ የተሠራው ብልጭታውን ውስጡ ያፍናል። ገንዘቡን መልሰው ትክክለኛው ዕቃ እስኪመጣ እንዲጠብቅ አደረጉት።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ የካቲት 16 እነዚያኑ እናቶች ኡራ አድርሼ መልሻቸዋለሁ።

ወደ እርሳቸው የምትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ናቸው። ፕሮፔለራችሁ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።