የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፦ የቻይና ሐዲድ ከጃፓን ሚኒባስ ጎን

ቻይና በዓለም ላይ ስላላት ተጽዕኖ በምዕራባውያን ዋና ከተሞች የሚጻፈው ትንታኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በዕዳና በኃያላን ፉክክር ላይ ነው። ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሳፈር ሠራተኛ ግን የሚጠይቀው ባቡሩ በሰዓቱ መምጣት አለመምጣቱን ነው። እኔም አገልግሎቱን የምመዝነው በዚሁ ጥያቄ ነው።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ከሞላ ጎደል ሁሉ ነገሩ ቻይናዊ ነው። ለግንባታው ከወጣው 475 ሚሊዮን ዶላር 85 በመቶውን ያበደረው የቻይና ኤግዚም ባንክ ነው፤ ሐዲዱን የዘረጋው የቻይና ኩባንያ፣ 41ዱ ባቡሮች የተሠሩት ቻንግቹን ከተማ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን የመራውም የሼንዘን ሜትሮ ነበር። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 39 ጣቢያዎች አሉት። አንደኛው መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ይደርሳል፤ መሀል ከተማ ላይ ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ።

ትልቁ ብልጫው የራሱ መንገድ ያለው መሆኑ ነው። መገናኛ ላይ መኪናው ሁሉ ተዘግቶ ጥሩምባ ሲያስጮኽ ባቡሩ በጎኑ ያልፋል። ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ ከፍ ባለው ድልድይ ላይ ሲሄድም፣ የቻይና ተቋራጭ የገነባውን ረጅሙን የንግድ ባንክ ሕንፃ ጨምሮ፣ የከተማዋ መሀል ወለል ብሎ ይታያል፤ እርግጥ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መስኮቱ ጋ መድረስ ራሱ ትግል ነው። በመሬት ላይ በሚሄድበት ክፍል ግን አጥሩ ሰፈርን ከሰፈር ስለለየ፣ እግረኛው ፊት ለፊቱ ወዳለው ሱቅ ለመሻገር ብዙ እንዲዞር ተገዷል።

ዋናው ድክመት ጥገና ላይ ነው። ዓመታት ባለፉ ቁጥር የሚንቀሳቀሱት ባቡሮች ቁጥር ከ41ዱ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ለዚህም በይፋ የተሰጠው ምክንያት የመለዋወጫ እጥረትና መለዋወጫውን ለመግዛት የሚያስፈልገው የውጭ ምንዛሪ መታጣት ነው። ጥፋቱን ሁሉ በቤጂንግ ላይ መጫን ግን ተገቢ አይመስለኝም። መነሻ ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር እንዲሆን የወሰነችው አዲስ አበባ ናት፤ በዚህ ገቢ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ማሟላት እንደማይቻል ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር።

ከሐዲዱ ጎን ደግሞ ቶዮታ ሚኒባስ ይሯሯጣል። ይህን መኪና ያመጣው የቶኪዮ ዕርዳታ ሳይሆን ነጋዴው ነው፤ መቀመጫው የጠበበ፣ ረዳቱ ትርፍ የሚጭን፣ ምቾት የሚባል ነገር የሌለው ነው። ቢሆንም ሲበላሽ ዕቃው የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይገኛል፣ የሚፈታውና የሚገጥመው መካኒክም በየሰፈሩ ጋራዥ አለ። በመንግሥት ደረጃ የመጣው የጃፓን ተጽዕኖም ቢሆን፣ ከዓባይ በረሃው የሕዳሴ ድልድይ በስተቀር፣ በብዛት የሚታየው በሥልጠና ነው፤ ካይዘን የሚባለውን፣ ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ እንዲያስተምር በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የካይዘን ኢንስቲትዩት ለዚህ ምሳሌ ነው። የካይዘን ሥልጠና ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሠንጠረዥ ቢቀርም፣ ዕቃን በቦታው የማስቀመጥና ከመበላሸቱ በፊት የመጠገን ልማድ የባቡሩ ዴፖ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ነገር ነው። አንዱ አገር ትልቁን ሥራ በጥቂት ዓመታት ገንብቶ አስረክቦናል፤ የሌላው አገር ዕቃ ደግሞ በእጃችን የምንፈታው ሆኗል። ለተሳፋሪ የሚበጀው ሁለተኛው ዓይነት ነው ባይ ነኝ፤ ምንም እንኳ ሐዲድ የሚያክል ነገር በሶማሌ ተራ ዕቃ ባይሠራም።

ለአገልግሎቱ ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። ረፋድ ላይ ከአያት ወደ ሜክሲኮ ለሚሄድ ሰው ከሚኒባስ ይሻላል። ጠዋት በ2 ሰዓት ቢሮ መድረስ ያለበት ሰው ግን፣ ባቡሮቹ ተጠግነው እስኪመለሱ ድረስ፣ በእሱ ብቻ ባይተማመን ይመረጣል።