እንክብካቤው ጥሩ ነው፣ የጤና ካርዱ ግን አይታመንም

አክስቴን ደብረ ብርሃን ካለ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ካስገባናት ቆየን። ስሙን አልጠራም። ሠራተኞቹ ትሑት ናቸው፣ ምግቡ ትኩስ ነው፣ አልጋው ንጹህ ነው። ለዚያ ብርድ ከመንዝ ያመጣንላትን ባና ማታ ማታ ደርበው ያለብሷታል። በዚህ በኩል ደስተኛ ነኝ።

ቅር ያለኝ በጤና ካርዷ ነው። ከወር ወር “ሕመም፦ የለም” ይላል። እንዴት እንደሚሞላ አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ።

“እማማ፣ ደህና ነዎት?”

“እግዚአብሔር ይመስገን።”

በቃ፣ ተጻፈ። የመንዝ ሴት እኮ ናት! አጥንቷን እየቆረጠማትም ቢሆን እንዴት ነሽ ላላት ሰው የምትመልሰው ምስጋና ነው። እኔ በደህናው ጆሮዋ በኩል ጠጋ ብዬ “እትዬ፣ ማታ ስትገላበጪ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?” ስላት፣ እጇን ዳሌዋ ላይ አሳረፈች።

የክብደቷ አመዛዘንም ያው ነው። አንዴ ከነጋቢዋ፣ አንዴ ያለ ጋቢ ትመዘናለች። አረጋዊ ሰው በአንድ ወር ክብደቱ 5 በመቶ ከቀነሰ ያሳስባል። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 2.5 ኪሎ ማለት ነው። ጋቢው እየገባ እየወጣ ይሄ በምን ይታወቃል? የደም ግፊቷንም በሹራቧ ላይ ሲለኩ አይቻለሁ። 5 ደቂቃ አርፋ፣ ክንዷ ተራቁቶ፣ በልቧ ትክክል ተደግፎ ነበር መለካት የነበረባት። ስትነሳ ያዞራታል፤ ስለዚህ ተኝታም ቆማም መለካት አለባት። ስትቆም የላይኛው ቁጥር በ20 ከወረደ፣ ልትወድቅ ትችላለች።

በቅርቡ የተቀጠረች አንዲት ነርስ ግን አኮራችኝ። የመኝታ ቁስል እንዳይጀምራት ለማየት የአክስቴን ካልሲ አውልቃ ተረከዟን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ቶሎ ስለማይታይ ሙቀቱንና መጠጠሩን በእጇ ዳበሰች። ከዚያ የማታ ተረኛዋን ጠርታ ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ ማን እንደሚደግፋት ጠየቀች። “ራሷን ችላ ትሄዳለች” የሚለውን ሰረዘችና “በሰው ድጋፍ” ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ብቻዋን አትነሳም።

ለኃላፊው ነገርኩት፤ ሰማኝ። አሁን ሚዛን ላይ የምትወጣው ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ያለ ጋቢ ነው። የሕመሙ ጥያቄ ግን እስካሁን እንደ ሰላምታ ነው የሚጠየቀው። ዘመድ ልታስገቡ ካሰባችሁ፣ ክፍሉን ከማየታችሁ በፊት ካርድ እንዴት እንደሚሞሉ ጠይቁ፤ ማን እንደሚሞላው፣ መቼ እንደሚሞላው፣ ማንን ጠይቆ እንደሚሞላው።